ጋስፓር ሞንዥ

ጋስፓር ሞንዥ (ከሜይ 9 ቀን 1746 እስከ ጁላይ 28 ቀን 1818 እ.ኤ.አ. የኖረ) ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ፣ መምህርና የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ገላጭ ጂኦሜትሪ የተባለውን የትምህርት ዘርፍ በመመሥረቱ ነው። ገላጭ ጂኦሜትሪ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በትክክለኛ ልክ የመሣል፣ ከሥዕሉም ተነሥቶ ነገሩን መልሶ የመሥራት ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ የምሕንድስና ተማሪዎች በቴክኒካል ድሮዊንግ ትምህርት የሚሥሉት የፊት፣ የላይና የጎን እይታ ከዚሁ ዘዴ ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

ሞንዥ ከወጣትነቱ ጀምሮ የተጋፈጠው ጥያቄ የአንድ ሕንፃ ቅርጽ ከነዳፊው አእምሮ ወደ ሠሪው እጅ ሳይበላሽ እንዴት ይሻገራል የሚል ነበር። ዛሬም አንድ ጎባጣ የሕንፃ ፊት ከአርክቴክቱ ሶፍትዌር ወደ መስታወትና አሉሚኒየም ቆራጩ ፋብሪካ ሶፍትዌር ሲተላለፍ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሞንዥ የተወለደው በፈረንሳይ ቡርጎኝ አውራጃ በምትገኘው በቦን ከተማ ነው። አባቱ ዣክ ሞንዥ አነስተኛ ነጋዴ ነበር። ቤተሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም አባትየው ልጆቹን ለማስተማር ይተጋ ነበር። ጋስፓር በመጀመሪያ በትውልድ ከተማው ኦራቶሪያውያን ካህናት በሚያስተዳድሩት ኮሌጅ ተማረ። በ1762 ወደ ሊዮን ከተማ ተልኮ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለም በዚያው ኮሌጅ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተመደበ።

በ1764 ወደ ቦን ሲመለስ የከተማዋን ትልቅ ፕላን አነሣ። ለልኬታ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች የሠራው ራሱ ነበር። ፕላኑን ያየ አንድ የጦር መሐንዲስ መኮንን በሥራው ተደንቆ በሜዚዬር ከተማ ለሚገኘው የንጉሡ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ጠቆመው። ሞንዥ በ1765 ወደዚያ ሄደ።

በሜዚዬር ትምህርት ቤት

የሜዚዬር ትምህርት ቤት በዘመኑ በአውሮፓ ከታወቁት የጦር ምሕንድስና ተቋማት አንዱ ነበር። ነገር ግን የመኮንንነት ክፍሉ ለመኳንንት ልጆች የተከለለ ስለነበር የነጋዴ ልጅ የሆነው ሞንዥ ሊገባበት አልቻለም። የተመደበው ሠዓሊዎችና የሥራ ተቆጣጣሪዎች በሚሠለጥኑበት፣ የምሽግና የድንጋይ ቅስት ሞዴሎች ከጀሶ በሚሠሩበት ክፍል ነበር። ሥራው ከማዕረግ በታች ይቆጠር ነበር። ይሁንና ሞንዥ ቅርጽ ከወረቀት ወጥቶ ቁስ ሲሆን ምን ችግር እንደሚገጥመው በቅርብ ያየው በዚህ ክፍል ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአንድ ምሽግ ግድግዳ ከፍታ እንዲወስን ታዘዘ። ጠላት በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች የትኛውም ላይ ቢቆም የምሽጉን ውስጥ ማየትም መተኮስም እንዳይችል ማድረግ ያስፈልግ ነበር። የተለመደው መፍትሔ እያንዳንዱን ኮረብታ ለየብቻ የሚያሰላ ረጅምና አድካሚ ሒሳብ ነበር። ሞንዥ ግን ሥራውን በሥዕል ብቻ ፈትቶ ከሚጠበቀው ጊዜ እጅግ ቀድሞ አቀረበ። አለቃው ሒሳቡን ሠርቶት ሊሆን አይችልም በሚል በመጀመሪያ ሊመለከተው አልፈለገም። በኋላ ግን ሲመረመር ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስኬት ለሞንዥ የማስተማር በር ከፈተለት። በ1769 የሒሳብ መምህር ሆነ፤ ቀጥሎም ፊዚክስ ያስተምር ጀመር። ዘዴው ግን የጦር ምሥጢር ተብሎ ተያዘ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ እንዳያስተምረውና እንዳያሳትመው ስለተከለከለ፣ ሌሎች ጠራቢዎች፣ አናጺዎችና ግንበኞች ለብዙ ዓመታት ሳይጠቀሙበት ቀሩ።

በ1777 ካትሪን ኡዋርን አገባ። የባለቤቱ ቤተሰብ የብረት ማቅለጫ ስለነበረው ሞንዥ ስለ ብረት አሠራር በተግባር አወቀ፤ ይህ ዕውቀት በኋላ በአብዮቱ ጊዜ ጠቅሞታል። በ1780 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1783 የባሕር ኃይል ዕጩዎች ፈታኝ ሆኖ ተሾመ፤ በ1784 ከሜዚዬር ለቆ ኑሮውን በፓሪስ አደረገ።

ከሞንዥ በፊት የነበረው ችግር

አንድ የድንጋይ ቅስት ሲሠራ እያንዳንዱ ድንጋይ መሬት ላይ ተጠርቦ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ቦታው የሚወጣው። ድንጋዩ ከላይ ሲደርስ ከጎረቤቶቹ ጋር ካልገጠመ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጠራቢው የእያንዳንዱን ፊት ትክክለኛ ቅርጽ አስቀድሞ ማወቅና በቅርጽ ልክ ላይ መቁረጥ ነበረበት።

በፈረንሳይ ይህ ጥበብ ረጅም ታሪክ አለው። አርክቴክቱ ፊሊበር ደ ሎርም በ1567 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ድንጋይ አጠራረብ ሥዕሎችን አቅርቧል። ዤራር ዴዛርግ በ1640 ለሁሉም የሚሠራ አንድ አጠቃላይ ደንብ ለማውጣት ሞከረ፤ የሙያው ሰዎች ግን ተቃወሙት። አሜዴ ፍሬዚዬ ከ1737 እስከ 1739 ሦስት ቅጽ ያለው ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ በሥራ ቦታ ዕውቀቱ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ የዘዴዎች ስብስብ ሆኖ ቆየ። ለእያንዳንዱ የቅስት ዓይነት የተለየ ዘዴ ነበረው፤ ጠራቢ የሚሠራበትን ሥዕል አናጺው ላያነበው፣ አናጺው የሚያውቀውን መሐንዲሱ ላያውቀው ይችል ነበር።

የዘዴው አሠራር

ሞንዥ እነዚህን ሁሉ ዘዴዎች በአንድ መርሕ ሥር አዋላቸው። በመጀመሪያ በ90 ዲግሪ የሚገናኙ ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ይታሰባሉ፤ አንዱ እንደ ወለል የተጋደመ፣ ሌላው እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ከሚፈለገው ነገር ላይ ካለ ከእያንዳንዱ ነጥብ አንድ መስመር ወደ ወለሉ፣ አንድ መስመር ወደ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መስመሮቹ የሚያርፉባቸው ሁለት ምልክቶች የነጥቡን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይወስናሉ። በወለሉ ላይ ያለው ሥዕል ፕላን፣ በግድግዳው ላይ ያለው ኤሌቬሽን ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው ሁለቱ ገጾች በሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ተዘርግቶ ከወለሉ ጋር አንድ ወረቀት ይሆናል። የአንድ ነጥብ ሁለቱ ምልክቶች በወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስለሚውሉ ሠዓሊው ስሕተቱን ወዲያው ማየት ይችላል።

ፕላንና ኤሌቬሽን ከሞንዥ በፊትም ይሣሉ ነበር። የሞንዥ አዲስ ሥራ ሁለቱን እይታዎች አስተሳስሮ ሥዕሉን ራሱን የማስሊያ መሣሪያ ማድረጉ ነው። የአንድ ዘንበል ያለ ጠርዝ ትክክለኛ ርዝመት፣ በሁለት ገጾች መካከል ያለው ማዕዘን፣ ሁለት ጎባጣ ገጾች የሚቆራረጡበት መስመር፣ እነዚህ ሁሉ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ከወረቀቱ ይወጣሉ። አርክቴክቱ ያላሰበውን ልክ እንኳ ጠራቢው ከሥዕሉ ሊያገኘው ይችላል።

ስለ ጎባጣ ገጾች ያደረገው ጥናት

ሞንዥ ከሥዕል ዘዴው ሌላ በጎባጣ ገጾች ሒሳብ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከጥናቶቹ አንዱ ያለ መቀደድና ያለ መለጠጥ ጠፍጣፋ ሆነው ሊዘረጉ የሚችሉ ገጾችን ይመለከታል። የቱቦና የቁንጮ ጎኖች ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ሉል ግን አይደለም። ላሜራ የሚያጥፍ ሠራተኛ ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል፤ ከላሜራ ቱቦ በቀላሉ ይሠራል፣ ኳስ ለመሥራት ግን ላሜራውን መቆራረጥ ወይም መቀጥቀጥ አለበት።

በ1781 የወጣው ሌላ ጽሑፉ አፈር ከሚቆፈርበት ቦታ ወደሚሞላበት ቦታ በአነስተኛ ድካም እንዴት እንደሚጓጓዝ ይመረምራል። ጥያቄው ዛሬ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ለሕንፃ ሥራ የቀረበው ስለ ኩርባ መስመሮች ያደረገው ጥናት ነው። በአንድ ጎባጣ ገጽ ላይ ባለ በእያንዳንዱ ነጥብ ገጹ አብዝቶ የሚጎብጥበትና አሳንሶ የሚጎብጥበት አቅጣጫ አለ፤ ሁለቱም እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። እነዚህን አቅጣጫዎች ተከትለው የሚሄዱ መስመሮች ገጹን እንደ መረብ ይሸፍኑታል። ሞንዥ የኤሊፕሶይድን (የእንቁላል መሰል ገጽን) መረብ በትክክል አገኘ። ከዚያም የሕግ አውጪው ምክር ቤት አዳራሽ በኤሊፕሶይድ ቅርጽ የድንጋይ ጣሪያ እንዲሠራለት ሐሳብ አቀረበ። የድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ይህን መረብ እንዲከተል ፈለገ። በመረቡ ላይ ለገጹ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ጎረቤት መስመሮች እርስ በርስ ስለሚገናኙ የመገጣጠሚያው ፊት ሊዘረጋ የሚችል ገጽ ይሆናል፤ ጣሪያውንም በ90 ዲግሪ ይገናኛል። ይህም ለጠራቢው ሥራ ያቀላል፣ ለድንጋዩም ጥንካሬ ይሰጣል። መረቡ ልዩ መልክ በሚይዝባቸው በሁለቱ ነጥቦች ላይ መብራቶች እንዲንጠለጠሉ አስቦ ነበር። አዳራሹ ግን አልተሠራም።

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን

ሞንዥ በ1789 የፈነዳውን አብዮት በሙሉ ልቡ ደገፈ። በትውልዱ ምክንያት የተዘጋበትን በር ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሚያስገርም አልነበረም። በኦገስት 1792 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ፤ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጃንዋሪ 1793 ሲገደሉም በዚሁ ሥልጣን ላይ ነበር። የአስተዳደሩ ሥራ ስላልተሳካለት በኤፕሪል 1793 ለቀቀ።

በዚያው ጊዜ ፈረንሳይ በብዙ አገሮች ጦር ተከባ፣ ብረትም ባሩድም አጥሯት ነበር። ሞንዥ ከሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ የጦር መሣሪያ ምርትን በማደራጀት ተሳተፈ። ስለ መድፍ አሠራር የጻፈው መጽሐፍም ለፋብሪካዎች መመሪያ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ራሱ ባዳበረው ዘዴ አንድን ዕቃ በየትኛውም ወርክሾፕ አንድ ዓይነት አድርጎ ለመሥራት ያግዙ ነበር።

መምህርነትና ኤኮል ፖሊቴክኒክ

በ1794 አብዮታዊው መንግሥት የሕዝባዊ ሥራዎች ማዕከላዊ ትምህርት ቤትን አቋቋመ፤ በ1795 ስሙ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተባለ። ሞንዥ ከመሥራቾቹ ግንባር ቀደሙ ነበር። ተማሪዎች የሚገቡት በውድድር ፈተና እንጂ በትውልድ አልነበረም፤ ገላጭ ጂኦሜትሪም ከዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ ሆነ።

በ1795 መጀመሪያ በፓሪስ በተከፈተው ኤኮል ኖርማል ውስጥ ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አስተማረ። ለረጅም ዘመን ምሥጢር የነበረው ትምህርት ለማንም አስተማሪ ክፍት ሆነ። ሞንዥ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነበር። የሚነድፈው፣ የሚመራውና የሚሠራው ሰው ሁሉ የሚጋሩት አንድ ትክክለኛ ቋንቋ ከኖረ የፈረንሳይ ኢንዱስትሪ ከውጭ ጥገኝነት ይላቀቃል ብሎ ያምን ነበር። ትምህርቶቹ በ1799 ገላጭ ጂኦሜትሪ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ።

በተማሪዎቹ ዘንድ እጅግ ተወዳጅ መምህር ነበር። ላዛር ካርኖ በሜዚዬር፣ ሻርል ዱፔንና ዣን ቪክቶር ፖንስሌ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ከተማሩት መካከል ናቸው። ሌላው የኤኮል ፖሊቴክኒክ ምሩቅ ክሎድ ክሮዜ ትምህርቱን ወደ አሜሪካ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ወስዶ በ1821 በእንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ።

ጣሊያንና ግብጽ

በ1796 ሞንዥ ድል በተደረገችው ጣሊያን ለፈረንሳይ የሚወሰዱ ሥዕሎችንና ሐውልቶችን ከሚመርጡት ኮሚሽነሮች አንዱ ሆኖ ተላከ። ከእነዚህ ቅርሶች ብዙዎቹ ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። በዚያ ጉዞ ከጄኔራል ናፖሊዮን ቦናፓርት ጋር የቅርብ ወዳጅነት መሠረተ።

በ1798 ናፖሊዮንን ተከትሎ ወደ ግብጽ ዘመተ። በካይሮ በተቋቋመው የግብጽ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በበረሃ የሚጓዙ ወታደሮች ከሩቅ ያዩት ሐይቅ ሲቀርቡት ለምን እንደሚጠፋ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያዘጋጀውም በዚያ ነው። በ1799 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ከዚያም የሴኔት አባል፣ በ1808 ደግሞ የፔሉዝ ኮንት ሆነ። በመኳንንት ልጆች ክፍል መቀመጫ ያጣው ሰው በመጨረሻ ራሱ የመኳንንት ማዕረግ ያዘ።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ጤናው እየደከመ በመሄዱ በ1809 ማስተማሩን ተወ። ናፖሊዮን በ1815 ለመጨረሻ ጊዜ ወድቆ የቡርቦን ነገሥታት ሲመለሱ ሞንዥ በሁለት ነገር ተጠላ፤ በንጉሡ ግድያ ወቅት ሚኒስትር ነበር፣ የናፖሊዮንም ታማኝ ወዳጅ ነበር። በ1816 እርሱና ካርኖ ከሳይንስ አካዳሚ ተባረሩ፤ ኤኮል ፖሊቴክኒክም በዚያው ዓመት ለጊዜው ተዘጋ።

ሞንዥ ጁላይ 28 ቀን 1818 በፓሪስ ሞተ። መንግሥት የኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች በቀብሩ ላይ እንዳይገኙ ከለከለ። ተማሪዎቹ ትእዛዙን አክብረው ከቀብሩ ቀሩ፤ በማግስቱ ግን ተሰብስበው ወደ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር በመሄድ ሐዘናቸውን ገለጹ።

የሞንዥ ሥራና የዛሬው የሕንፃ ፊት

ዛሬ የድንጋይ ጠራቢውን ቦታ በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚታዘዙ መቁረጫና ማጠፊያ ማሽኖች ይዘውታል። አርክቴክቱ የሕንፃውን ፊት በአንድ ሶፍትዌር ይነድፋል፤ ፋብሪካው በሌላ ሶፍትዌር ወደ ፓነሎች ይከፋፍለዋል። በመካከላቸው ቅርጹ በፋይል ይሻገራል። ከ1982 ጀምሮ ከአውቶካድ ጋር የመጣው ዲኤክስኤፍ፣ ለማምረቻ የሚያገለግለው ስቴፕ (አይኤስኦ 10303) እና ለሕንፃ መረጃ የተዘጋጀው አይኤፍሲ (አይኤስኦ 16739) በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ሁሉም ፕሮግራም ጎባጣ ገጽን በአንድ መንገድ አያስቀምጥም። አንዱ ገጹን በቀመርና በመቆጣጠሪያ ነጥቦች ይይዘዋል፤ ሌላው ግን በትናንሽ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖች ይተካዋል። ኩርባው ወደ ቁርጥራጭ ከተለወጠ በኋላ የመጀመሪያውን ቅርጽ ከፋይሉ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለምሳሌ ራዲየሱ 10 ሜትር የሆነ ክብ ግድግዳ 1 ሜትር ስፋት ባላቸው ጠፍጣፋ ፓነሎች ቢተካ፣ በፓነሉ መካከል ያለው ልዩነት 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ወደ ግማሽ ሜትር ቢቀንስ ልዩነቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የመስታወት ማኅተም ይህን ያህል ክፍተት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ፋይሉ ከመላኩ በፊት መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ችግር የመነሻ ነጥብ ነው። በአዲስ አበባ ያለ ሕንፃ በዩቲኤም የካርታ አቆጣጠር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 1,000,000 ሜትር ገደማ በሚሆን ቁጥር ይቀመጣል። ፋይሉን የሚቀበለው ፕሮግራም ቁጥሮችን በ32 ቢት የሚይዝ ከሆነ፣ በዚህ መጠን ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በ6.25 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ በሚሊ ሜትር የተነደፈ ፓነል ማዕዘኑ ይዛነፋል። መፍትሔው ሁለቱ ወገኖች በሕንፃው አጠገብ አንድ የጋራ መነሻ መምረጥና የመለኪያ አሃዱን አስቀድሞ መስማማት ነው። ይህ ሞንዥ ሁለቱን ገጾችና የሚገናኙበትን መስመር ከሁሉ በፊት እንደወሰነው ያለ ነው።

የገጾች ጥናቱም በተግባር ላይ ይውላል። ላሜራና አሉሚኒየም ያለ መለጠጥ እንዲሸፍኑት የሚፈለግ የሕንፃ ፊት ሊዘረጉ ከሚችሉ ገጾች ቢሠራ ወጪው ይቀንሳል። በ1997 በስፔን ቢልባኦ የተከፈተውና ፍራንክ ጌሪ የነደፈው የጉገንሃይም ሙዚየም ውፍረታቸው 0.4 ሚሊ ሜትር በማይሞላ የቲታኒየም ላሜራዎች ተሸፍኗል፤ ቅርጹም ለአውሮፕላን ሥራ በተዘጋጀው ካቲያ በተባለ ሶፍትዌር አማካይነት ወደ ግንባታ ተሻግሯል። ጎባጣ የመስታወት ጣሪያን በጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ፓነሎች ለመሸፈን ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ደግሞ ሞንዥ ያጠናውን የኩርባ መረብ መከተል ነው። በመረቡ ላይ ጎረቤት ቋሚ መስመሮች ስለሚገናኙ ፓነሎቹን የሚሸከሙት የብረት አሞሌዎች ሳይጠማዘዙ መገጣጠሚያቸው ላይ ይገናኛሉ። ሞንዥ ለድንጋይ ጣሪያው መረቡን የመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነበር።

መታሰቢያ

በፓሪስ አንድ መንገድ፣ አንድ አደባባይና አንድ የሜትሮ ጣቢያ በስሙ ተሰይመዋል፤ በኤፌል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱም የእርሱ ነው። የቦን ከተማም ሐውልት አቁማለታለች። ዲሴምበር 12 ቀን 1989፣ በአብዮቱ 200ኛ ዓመት፣ አጽሙ ከፔር ላሼዝ ተነሥቶ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን በክብር ተዛውሯል። ተማሪዎቹ በቀብሩ እንዳይገኙ ከተከለከሉ 171 ዓመት አልፎ ነበር።